ድምፅ፣ ወንበርና ሕግ፦ የኢንዶኔዥያ እስላማዊ ፓርቲዎች ከ1955ቱ ምርጫ በኋላ

በ1955 በተካሄደው የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ምርጫ ናህዳቱል ዑለማ የተባለው የዑለማዎች ፓርቲ ከመቶ 18.4 ድምፅ አገኘ። በ1971 በተካሄደው ቀጣይ ምርጫ ደግሞ ከመቶ 18.7 አገኘ። በሁለቱ መካከል አሥራ ስድስት ዓመታት አለፉ፤ አንድ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተበተነ፣ አንድ ታላቅ ፓርቲ ታገደ፣ እጅግ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ መንግሥትም ተለወጠ። የናህዳቱል ዑለማ ድምፅ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ከፍ አለ። ይሁን እንጂ ፓርቲው በመጀመሪያው ዘመን የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴርን እንደ ራሱ ቤት ሲያስተዳድር ቆይቶ፣ ከሁለተኛው ምርጫ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ አጣው። አንድ ዓይነት ድምፅ ሁለት ተቃራኒ ውጤት ያመጣበትን ምክንያት በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው የስሌት ብቻ አይደለም። ስለ ሙስሊሙ ዓለም የቅርብ ዘመን ታሪክ ስናስተምር፣ ወይም ጀመዓው በአንድ አገር ስለተካሄደ ምርጫ ሲጠይቀን፣ አንደበታችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ድምር ነው፤ ይህን ያህል ድምፅ ከተገኘ ይህን ያህል ሸሪዓ ሕግ ይሆናል እንላለን። ሳይሆን ሲቀር ደግሞ አንዱን ወገን በከዳተኛነት፣ ሌላውን በጥቅም ፈላጊነት ለመክሰስ እንቸኩላለን። ኢንዶኔዥያ በሙስሊም ሕዝቧ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ እንደ መሆኗ ይህ ስሌት የተፈተነባት አገር ናት፤ ፈተናውም ብዙ የሚያስተምር ሆኖ እናገኘዋለን።

የነገሩ ሥር ከነጻነቱ ዓመት ይጀምራል። በጁን 22፣ 1945 የተረቀቀውና የጃካርታ ቻርተር ተብሎ የሚታወቀው ሰነድ የእስልምና ተከታዮች ሸሪዓን የመፈጸም ግዴታ እንዳለባቸው የሚገልጽ ሐረግ ነበረው። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ሰባት ቃላት ብቻ ነበሩ። ነጻነት በታወጀ ማግሥት፣ በኦገስት 18፣ ሐረጉ የአገሪቱን አንድነት ለመጠበቅ ሲባል ከሕገ መንግሥቱ መቅድም ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጃንዋሪ 3፣ 1946፣ የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በእኛ እምነት እነዚህ ሁለት ክስተቶች አብረው ሊነበቡ ይገባል፤ ሙስሊሞቹ በሕገ መንግሥቱ ቃል ያጡትን በመሥሪያ ቤት መልክ በከፊል አገኙት። ኒካህና ፍቺ የሚመዘገበው፣ የሸሪዓ ዳኞች የሚሾሙት፣ የሃይማኖት መምህራን የሚመደቡት፣ የሐጅ ጉዞ የሚሰናዳው በዚህ ሚኒስቴር በኩል ሆነ።

በኖቬምበር 1945 የተመሠረተው ማሽዩሚ የሙስሊሞች ሁሉ ብቸኛ ፓርቲ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በውስጡ በ1912 የተመሠረተው የተሐድሶ ማኅበር ሙሐመዲያም፣ በ1926 በሱራባያ የተመሠረተው ናህዳቱል ዑለማም ነበሩ። ናህዳቱል ዑለማ የሻፊዒይ መዝሀብን የሚከተሉ የጃዋ ሸይኾች ማኅበር ነው። መሠረቱ ፔሳንትረን በሚባሉት የቂርአት ማዕከላት ላይ ነው፤ እነዚህም በአገራችን ደረሶች ከየአቅጣጫው ተሰብስበው ኪታብ የሚቀሩባቸውን ሐሪማዎች የሚመስሉ ናቸው። የሁለቱ ወገኖች አብሮ መኖር ብዙ አልዘለቀም። በ1949 የማሽዩሚ ጉባኤ የዑለማዎቹን ምክር ቤት ውሳኔው ከሚያስገድድ አካል ወደ አማካሪነት ዝቅ አደረገው። በ1952 አዲስ ካቢኔ ሲዋቀር ደግሞ ከ1949 መጨረሻ ጀምሮ በናህዳቱል ዑለማው ዋሒድ ሐሺም እጅ የነበረው የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር ለሙሐመዲያ ሰው ተሰጠ። ናህዳቱል ዑለማ በዚያው ዓመት ከማሽዩሚ ወጥቶ ራሱን የቻለ ፓርቲ ሆነ። በወቅቱ በነበረው ጊዜያዊ ፓርላማ ስምንት ወንበር ብቻ ነበረው።

ስምንት ወንበር ያለው ፓርቲ ምን ሊሠራ ይችላል? በ1953 የተቋቋመው የዓሊ ሳስትሮአሚጆዮ ካቢኔ መልሱን ይሰጠናል። የብሔርተኛው ፓርቲ ማሽዩሚን ከመንግሥት ውጭ ለማድረግ ፈለገ፤ ሆኖም በሕዝብ ፊት ያለ አንዳች የዑለማ ድጋፍ መታየት አልወደደም። ስለዚህ ለናህዳቱል ዑለማ ከወንበሩ ቁጥር እጅግ የሚበልጥ ቦታ ሰጠው፦ የምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነትና የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴርን ጨምሮ። አዲሱ የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስትር መሽኩርም ሥራቸውን ጀመሩ። በ1954 በጃዋና በማዱራ ብቻ ሲሠራበት የነበረው የ1946ቱ የሙስሊሞች የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ ሕግ በአገሪቱ ሁሉ እንዲጸና ተደረገ።

በዚሁ ዓመት የተነሣ አንድ የፊቅህ ጥያቄ የነገሩን ጠባይ ከሁሉ በላይ ስለሚያሳይ ጥቂት እንቆይበት። በሻፊዒይ መዝሀብ ሴት ልጅ ያለ ወሊይ ኒካህ አይታሰርላትም። በዘር ወሊይ የሌላት ሴት ወሊይዋ ሡልጣኑ፣ ማለትም ሕጋዊው የሙስሊሞች ባለሥልጣን ወይም እርሱ የወከለው ነው። በኢንዶኔዥያ ይህን ውክልና የሚሰጠው የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። ነገር ግን ሚኒስትሩን የሾሙት ፕሬዚዳንት ሱካርኖ በሸሪዓ ዓይን ሕጋዊ መሪ ካልሆኑ፣ በእርሳቸው መንግሥት ውክልና የታሰሩ ኒካሆች ሁሉ ምን ይሆናሉ? ጥያቄው ለፖለቲከኛ ተራ ክርክር ይመስል ይሆናል፤ ወሊይ ለሌላት ሴትና ለልጆቿ ግን የክብርና የውርስ ጉዳይ ነው።

ሚኒስቴሩ በማርች 1954 በምዕራብ ጃዋ፣ በቺፓናስ ከተማ ዑለማዎችን ሰበሰበ። ጉባኤው ሱካርኖን «ወሊዩል አምር ደሩሪ ቢሽ ሸውካ» ሲል ሰየማቸው። ይህም ፍጹም መስፈርቱን ያሟላ መሪ ባይሆኑም፣ ከአስገዳጅ ሁኔታ የተነሣና በእጃቸው ባለው ኃይል ምክንያት ትእዛዛቸው የሚጸና ባለሥልጣን ናቸው እንደ ማለት ነው። ማሽዩሚዎች ይህ ለአንድ ዓለማዊ መሪ የሃይማኖት ዘውድ መድፋት ነው ብለው አጥብቀው ነቀፉ። ነቀፋው መሠረት አልነበረውም አንልም፤ ሱካርኖ በስያሜው የፖለቲካ ጥቅም አግኝተዋል። ሆኖም «ደሩሪ» የምትለው ቃል በዋዛ የገባች አይደለችም። ዑለማዎቹ የሰጡት ውዳሴ ሳይሆን ኒካሁን ከመፍረስ የሚያድን ሑክም ነበር። የናህዳቱል ዑለማ አካሄድ በዚህ ይታያል፤ የሚጠይቀው ጠባብና የተወሰነ ነገር ነው፣ የሚያገኘውም በጥቂት ወንበር ሊገኝ የሚችል ነው።

ምርጫው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ሃያ ዘጠኝ አገሮች የተካፈሉበት የባንዱንግ ጉባኤ በኤፕሪል 1955 ከተጠናቀቀ አምስት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 29፣ ኢንዶኔዥያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ብሔራዊ ፓርላማ መረጡ። ከአርባ ሦስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመዝግበው ከሠላሳ ሰባት ሚሊዮን በላይ ትክክለኛ ድምፅ ተሰጠ። ሥርዓቱ ተመጣጣኝ ውክልና ስለነበረ ማንም ብቻውን አላሸነፈም። ብሔርተኛው ፓርቲ ከመቶ 22.3፣ ማሽዩሚ ከመቶ 20.9 አግኝተው እያንዳንዳቸው 57 ወንበር ያዙ። ናህዳቱል ዑለማ ከስምንት ተነሥቶ 45 ደረሰ። የኮሙኒስቱ ፓርቲ ከመቶ 16.4 ድምፅና 39 ወንበር አገኘ። ሁሉም ሰው ማሽዩሚ እንደሚያሸንፍ ይጠብቅ ስለነበር ውጤቱ ለፓርቲው መራራ ሆነ። ከዚህም በላይ የድምፁ ግማሽ ያህል የመጣው ከጃዋ ውጭ ከሚገኙት ደሴቶች ነበር፤ የሌሎቹ ሦስት ታላላቅ ፓርቲዎች ድምፅ ግን በአመዛኙ የጃዋ ነበር። የፖለቲካው ክፍፍል የደሴቶችም ክፍፍል ሆኖ መታየት ጀመረ።

እስላማዊ ፓርቲዎቹን ብንደምር ማሽዩሚ፣ ናህዳቱል ዑለማና ሁለቱ አነስተኛ ፓርቲዎች፣ ማለትም የሳሪካት ኢስላም ፓርቲና የሱማትራው ፐርቲ፣ ከ257ቱ ወንበሮች 114ቱን ይዘዋል። ከመቶ 43 ተኩል ድምፅ ማለት ነው። ሊሰመርበት የሚገባው ግን ከድምሩ ይልቅ የወንበሮቹ አቀማመጥ ነው። ለአብላጫ 129 ወንበር ያስፈልጋል፤ ከአራቱ ታላላቅ ፓርቲዎች የትኞቹም ሁለቱ ቢጣመሩ ይህን አይሞሉም። ሦስቱ ከተጣመሩ ግን የትኞቹም ይሁኑ ይሞላሉ። በዚህ ሒሳብ 45 ወንበር ያለው ፓርቲ ክብደቱ 57 ካለው አያንስም። ማሽዩሚ ከኮሙኒስቶች ጋር በምንም ሁኔታ አልቀመጥም ስላለ የመጣመሪያ በሩን በራሱ አጠበበ። ናህዳቱል ዑለማ ግን ከብሔርተኛውም ከማሽዩሚም ጋር መሥራት የሚችል፣ ሱካርኖም የማይፈሩት ፓርቲ ነበር። ያለ እርሱ የሚቆም መንግሥት ማግኘት ፈጽሞ የማይቻል ባይሆንም ለማንም ቀላል አልነበረም።

በማርች 1956 የተቋቋመው ሁለተኛው የዓሊ ሳስትሮአሚጆዮ ካቢኔ ብሔርተኛውን፣ ማሽዩሚንና ናህዳቱል ዑለማን አንድ ላይ አስቀመጠ። የማሽዩሚው ሙሐመድ ሩም አንደኛ፣ የናህዳቱል ዑለማው ኢድሃም ኻሊድ ሁለተኛ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዲሴምበር ከጃዋ ውጭ ያሉ ሰዎች ተቆርቋሪያቸው አድርገው የሚያዩአቸው ምክትል ፕሬዚዳንት ሐታ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በሱማትራ የጦር አዛዦች አመፁ። ማሽዩሚ በጃንዋሪ 1957 ከካቢኔው ወጣ፤ ካቢኔውም በማርች ወደቀ። የወታደራዊ አስተዳደር አዋጅም ታወጀ። ሱካርኖ የፓርቲዎችን ሽኩቻ የሚያስቀር፣ ኮሙኒስቶችንም የሚጨምር አዲስ አመራር አሰቡ። ማሽዩሚ አልቀበልም አለ፤ ናህዳቱል ዑለማ አመንትቶ ቆይቶ ገባ። በዚያው 1957 በመንግሥት ደንብ ቁጥር 45 ከጃዋ፣ ከማዱራና ከደቡብ ካሊማንታን ውጭ ባሉት ግዛቶች የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙ ተወሰነ። የሚገርመው ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች የተቋቋሙባቸው ግዛቶች የማሽዩሚ ድምፅ ምንጮች ነበሩ፤ ሚኒስቴሩን የያዘው ግን የናህዳቱል ዑለማው ሙሐመድ ኢልያስ ነበር።

በዚህ ጊዜ በባንዱንግ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የእስያና የአፍሪካ መሪዎች በተሰበሰቡበት በዚያው አዳራሽ፣ ሌላ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። በዲሴምበር 1955 የተመረጠው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ከኖቬምበር 10፣ 1956 ጀምሮ የአገሪቱን ቋሚ ሕገ መንግሥት ሲያረቅ ቆየ። የተመረጡት አባላት 514 ነበሩ፤ ዋናውም ጥያቄ የመንግሥቱ መሠረት ፓንቻሲላ በመባል የሚታወቁት አምስቱ መርሆች ይሁኑ ወይስ እስልምና የሚል ነበር። በካቢኔ ጉዳይ የተለያዩት ማሽዩሚና ናህዳቱል ዑለማ እዚህ አንድ ላይ ቆሙ። የማሽዩሚው መሪ ሙሐመድ ናትሲር በኖቬምበር 1957 እስልምናን የመንግሥት መሠረት ለማድረግ ያደረጉት ንግግር በዚያ ጉባኤ ከተሰሙት ሁሉ ጠንካራው ነው ብንል አናጋንንም። ነገር ግን የጉባኤው ደንብ ለውሳኔ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። እስላማዊው ወገን ይህን የሚያህል ቁጥር አልነበረውም፤ ተቃራኒው ወገንም አልነበረውም።

ሱካርኖ በኤፕሪል 1959 ወደ 1945ቱ ሕገ መንግሥት እንመለስ የሚል ሐሳብ ለጉባኤው አቀረቡ። እስላማዊው ወገን ሰባቱ ቃላት አብረው ይመለሱ ሲል ማሻሻያ ጠየቀ። በሜይ 29 ድምፅ ተሰጠ፤ 201 ደገፉ፣ 265 ተቃወሙ። ይህ ከመቶ 43 ነው። በ1955 እስላማዊ ፓርቲዎች በሕዝብ ዘንድ ካገኙት ድምፅ ጋር ሊገጥም ምንም ያህል አልቀረውም! ሦስት ዓመት ተኩል አለፈ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ንግግር ተደረገ፤ ከወገን ወደ ወገን የተሻገረ ያለ አይመስልም። በማግሥቱ ማሻሻያ በሌለው ሐሳብ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 269 ደገፉ፣ 199 ተቃወሙ፤ ለሁለት ሦስተኛ 312 ያስፈልግ ስለነበር ወደቀ። በቀጣዮቹ ሁለት ጊዜያትም 264 በ204፣ ከዚያም 263 በ203 ሆኖ ወደቀ። ናህዳቱል ዑለማ በሦስቱም ጊዜ ከማሽዩሚ ጎን ቆሞ ተቃወመ። ፓርቲውን በአድርባይነት ብቻ የሚያውቁት ሁሉ ይህን ድምፅ ሊያስታውሱ ይገባል ብለን እናምናለን።

በጁላይ 5፣ 1959 ሱካርኖ ጉባኤውን በአዋጅ በትነው የ1945ቱን ሕገ መንግሥት መለሱ። በአዋጁ የጃካርታ ቻርተር ለሕገ መንግሥቱ መንፈስ የሰጠ ሰነድ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ ገባ። ያለ እስላማዊው ወገን ተቃውሞ ይህ ሐረግ ይገባ ነበር ብለን አናምንም። ስለዚህ 201ዱ ድምፅ ፍሬ ቢስ ነበር ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ስሙን አስጠብቋል።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ፓርቲዎች መንገድ ለየቅል ሆነ። በፌብሩዋሪ 1958 በሱማትራ በታወጀው አማፂ መንግሥት ናትሲርን ጨምሮ የማሽዩሚ ታላላቅ ሰዎች መሳተፋቸው ፓርቲውን ለአደጋ አጋልጦት ነበር። በ1960 ፓርላማው የመንግሥትን በጀት አልቀበልም ባለ ጊዜ ሱካርኖ በተኑት፤ በምትኩም ራሳቸው አባላቱን የሾሙት ፓርላማ አቋቋሙ። በኦገስት ወር ማሽዩሚ እንዲፈርስ ታዘዘ። ናህዳቱል ዑለማ ወደተሾመው ፓርላማ ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው ከባድ ክርክር ተነሣበት። ሸይኽ ቢስሪ ሻንሱሪ ሕዝብ ባልመረጠው ምክር ቤት መቀመጥን ተቃወሙ፤ የፓርቲው የበላይ መሪ ሸይኽ ዐብዱልወሃብ ሐስቡላህ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ መምከር ከውጭ ሆኖ ከመንቀፍ ይሻላል አሉ። ሁሉንም ማግኘት ካልተቻለ ሁሉንም መተው አይገባም የሚለው የፊቅህ መርሕ የሁለተኛው ወገን መንፈስ ነበር፤ ፓርቲውም ገባ። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ስናየው ሁለቱም ሸይኾች የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር በናህዳቱል ዑለማ ሰዎች እጅ ቀጠለ፤ በዮግያካርታ በ1951 የተከፈተው የእስልምና ጥናት ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1960 ወደ ኢንስቲትዩት አደገ። በአንጻሩ ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ነበር።

ያ ሰው በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደቀ። በ1971ዱ ምርጫ የአዲሱ መንግሥት ድርጅት ጎልካር ከመቶ 62.8 ድምፅ ወሰደ፤ ከ360 የምርጫ ወንበሮች 236ቱን ያዘ። ከእነዚህ ሌላ 100 ተሿሚዎች ነበሩ። ናህዳቱል ዑለማ 58 ወንበር አገኘ፤ ከ1955ቱ በ13 ይበልጣል። በሴፕቴምበር 1971 የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር ለሙክቲ ዓሊ ተሰጠ፤ እርሳቸውም የተከበሩ ምሁር እንጂ የናህዳቱል ዑለማ ሰው አልነበሩም። በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። የፓርቲው ድምፅ አልቀነሰም፤ የጠፋው የሌሎቹ ጉድለት ነው። በ1955 ማንም አብላጫ ስላልነበረው 45 ወንበር ዋጋ ነበራት፤ በ1971 አንድ ወገን ከሚያስፈልገው በላይ ስለነበረው 58ቱ ምንም የሚያጎድሉት አልነበረም። በጃንዋሪ 1973 አራቱ እስላማዊ ፓርቲዎች በመንግሥት ግፊት ወደ አንድ ፓርቲ ተጠቃለሉ፤ በድምሩ 94 ወንበር ይዘው።

በዚያው ዓመት አጋማሽ መንግሥት አዲስ የጋብቻ ሕግ ረቂቅ ወደ ፓርላማ አቀረበ። ረቂቁ ጋብቻ የሚጸናው በመንግሥት መዝገብ ሹም ፊት ሲፈጸም ነው ይል ነበር፤ የሃይማኖት ልዩነትን ከጋብቻ መሰናክልነት አወጣ፣ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ወላጅ ልጅ ቆጠረ፣ የዒዳን ዘመን ከሸሪዓው በተለየ ቁጥር ወሰነ። በወንበር ስሌት ብቻ ቢሆን ረቂቁ በአንድ ቀን ይጸድቅ ነበር። ሸይኽ ቢስሪ ሻንሱሪ ዑለማዎችን ሰብስበው ከሸሪዓ ጋር የሚጋጩትን አንቀጾች አንድ በአንድ ለይተው አስጻፉ። በሴፕቴምበር 27 ወጣት ሙስሊሞች የፓርላማውን አዳራሽ ወርረው ስብሰባውን አስቋረጡ። ሠራዊቱም ነገሩ እንዳይከር ሰግቶ ከእስላማዊው ፓርቲ ጋር ድርድር ገባ፤ የሙስሊሞች የጋብቻ ሕግና የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንዳይነኩ ተስማሙ። በጃንዋሪ 1974 የወጣው ሕግ በሁለተኛው አንቀጹ ጋብቻ የሚጸናው በየሃይማኖቱ ሕግ መሠረት ሲፈጸም መሆኑን ደነገገ፤ ምዝገባውም ከዚያ ቀጥሎ መጣ።

ናህዳቱል ዑለማ በ1984 በሲቱቦንዶ ባደረገው ጉባኤ ከፓርቲ ፖለቲካ ወጥቶ በ1926 ወደተመሠረተበት የማኅበርነት ሥራው ተመለሰ። በ1987ቱ ምርጫ ጎልካር ከ400 የምርጫ ወንበሮች 299 ሲያገኝ፣ እስላማዊው ፓርቲ የቀረው 61 ብቻ ነበር። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ከሌሎቹ ፍርድ ቤቶች እኩል ያደረገው፣ ውሳኔያቸው ለመፈጸም የሲቪል ፍርድ ቤት ማረጋገጫ እንዲጠብቅ የሚያስገድደውን አሮጌ ደንብ ያስቀረው ሕግ የጸደቀው በዚህ ፓርላማ፣ በዲሴምበር 1989 ነው።